ጋሽ ጆሮ እና የጣቢያው ኮርኒስ

ሠራተኞቹ ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» ነበር የሚሉት። ቅጽል ስሙ የወጣለት ገና ጢሙ ጥቁር ሳለ ነው። አሮጌ የጄሶ ኮርኒስ ሥር ይቆምና በመሃል ጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ፣ «እዚህ ይዟል፤ እዚህ ለቋል፤ እዚህ ደግሞ ለቋል ግን ገና ዓመት ይቆያል» ይላል። ተከፍቶ ሲታይ እንዳለው ነው። አንዴ እንዲያውም ከኮርኒሱ በላይ የሞተች አይጥ አለች ብሎ ነበር፤ አይጧም ተገኘች። የሚቀኑበት ሰዎች «ሸትቶት ነው እንጂ ሰምቶ አይደለም» አሉ፤ ያም ሆነ ይህ ስሙ ጸና።

በዚህ ሙያ የሁሉም ራስ ጆሮ ነው። አሮጌ ኮርኒስ እንደ ዛሬው ሰሌዳ ተቆርጦ የሚለጠፍ አይደለም። ከላይ ወፋፍራም ወራጅ እንጨቶች አሉ፤ በወራጆቹ ሆድ ላይ ቀጫጭን ርብራብ በምስማር ይመታል፤ ከርብራቡ በታች ኖራና ጄሶ ከእንስሳ ፀጉር ጋር ተቦክቶ ይለሰናል። ልስኑ በርብራቡ ክፍተት ሽቅብ ይሾልክና እዚያው ጠንክሮ አንቆ ይይዛል። ዘመን ሲረዝም ያ መያዣ ይሰበራል፤ ኮርኒሱ ግን ወዲያው አይወድቅም። እንደ አንዳንድ ትዳር በልማድ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ከታች ለሚያየው ጤነኛ ነው። የሚያጋልጠው ድምፁ ብቻ ነው፤ የያዘው ድፍን ይላል፣ የለቀቀው እንደ ባዶ ሣጥን ይጮኻል።

እንግዲህ መስማት ያቆመው ይህ ሰው ነው።

ድንገት አልነበረም። መጀመሪያ የሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ የበር መጥሪያው፣ የወፉ፣ የማንቆርቆሪያው ፉጨት። ሚስቱ በሞተች በዓመቱ ለማንም ሳይናገር ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ቁልቁል የሚወርድ መስመር በወረቀት ላይ አሳየው፤ «ነርቩ ነው የደከመው፣ አይመለስም፤ ማሽን ቢያደርጉ ለጨዋታ ይረዳዎታል» አለው። እሱ ለጨዋታ ደንታ አልነበረውም። ጨዋታውንማ ከሰው ከንፈር ላይ ማንበብ ለምዶ ነበር። ጺሙ አፉን የሸፈነ ሰው ካልገጠመው በስተቀር ከአሥር ቃል ሰባቱን ይይዛል፤ ሦስቱን በግምት ይሞላል። ኮርኒስ ግን ከንፈር የለውም። ደግሞስ ጋሽ ጆሮ ጆሮው ላይ ማሽን ሰክቶ መወጣጫ ሲወጣ ማን ያያል? ከዚያ ሞት ይሻላል።

ስለዚህ ዋሸ። ማሳመር አያስፈልግም፣ ዋሸ። መወጣጫው ላይ ይወጣል፣ በጣቱ ያንኳኳል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ ለጤነኛው ጭረት፣ ለለቀቀው ክብ። ክቡም ጭረቱም የሚመጡት ከጆሮው ሳይሆን ከአርባ ዓመት ልማዱ ነው። ስንጥቅ ባለበት ክብ፣ ውሃ ባረፈበት ክብ፣ ሌላው ሁሉ ጭረት። አራት ዓመት እንደዚህ አለፈ። አንድም ኮርኒስ አልወደቀም። እሱም ቀስ በቀስ «ሳልሰማም ማወቅ ችያለሁ» ብሎ ራሱን አሳመነ፤ ሰው የራሱን ውሸት ሲያምን ምስክር አይጠይቅም።

እሱ ያቋቋመውን የእድሳት ድርጅት የምትመራው ልጁ ናት፤ አንድ ልጁ። በሰባት ዓመቷ መወጣጫ ላይ ይዟት ወጥቶ ማንኳኳት ያስተማራት እሱ ነው። ተምራ ስትጨርስ ማኅተሙን አስረክቧት እሱ «አማካሪ» ሆነ። ሁለት ልጆች አሏት፣ አሥራ አራት ሠራተኞች አሏት፣ ዕረፍት የሚባል ነገር ግን የላትም። አባቷን ትወዳለች። ይህን ከወዲሁ መናገር ያስፈልጋል፤ በኋላ የሚመጣውን አይቶ «ክፉ ልጅ ናት» የሚል እንዳይኖር። ክፉ ብትሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር።

የዚያ ዓመት ሥራ የአሮጌው ባቡር ጣቢያ የመንገደኞች ማረፊያ አዳራሽ ነበር። ኮርኒሱ መካከሉ ላይ ጋሪ የሚያክል አበባ፣ በአራቱም ጥግ የወይን ዘለላ ተቀርጾበታል፤ እያንዳንዱ ዘለላ የአንድ ጎልማሳ ክብደት አለው። አዳራሹ ለእድሳት ይዘጋ እንጂ ባቡሩ አልቆመም። ሐዲዱ ከግድግዳው አሥር እርምጃ ነው፤ ባቡር በየሰዓቱ ያልፋል።

ባቡር ሲያልፍ ሥራ ይቆማል። በዚያ ጫጫታ ውስጥ ማንኳኳት ከንቱ ድካም ስለሆነ ሁሉም እጁን አውርዶ ይጠብቃል፤ የሚያጨሰው ያጨሳል፣ ስልኩን የሚያየው ያያል። ጋሽ ጆሮ ባቡር መምጣቱን የሚያውቀው በእግሩ ጫማ ነው፤ እንዳይነቃበት እሱም ከሌሎቹ ጋር እኩል እጁን ያወርዳል። አንድ ቀን ግን ረሳ። ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ወር፣ በሐዲዱ በኩል ባለው ጥግ፣ የወይኑ ዘለላ ሥር መዳፉን ለጥፎ ስለ ሌላ ነገር እያሰበ ሳለ ባቡር መጣ።

ወራጁ ተንቀጠቀጠ፤ ይህ ያለ ነው። ባቡሩ አለፈ፣ ወራጁም ዐረፈ። ዘለላው ግን አላረፈም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እስኪባል ድረስ ለብቻው መዳፉ ላይ ሲወዛወዝ ታወቀው።

እጁን አላነሳም። እዚያው ቆሞ የሚቀጥለውን ባቡር ጠበቀ፤ ከዚያም ሌላውን። ሌሎቹን ሦስት ጥጎችም ዞሮ ሞከረ፤ እነሱ ከወራጁ ጋር ተነሥተው ከወራጁ ጋር ይተኛሉ። የሐዲዱ ጥግ ብቻ ነው ለብቻው የሚጫወተው። ምን ማለት እንደሆነ ገባው። ልስኑ ርብራቡን ይዟል፤ ርብራቡ ግን ምንም አልያዘም። የስንት ዘመን ባቡር እየነቀነቀ ምስማሩን ከወራጁ ስቦ አውጥቶታል። በዚያ ላይ ባለፈው ወር ልጁና ለሳኞቹ በዚያው ጥግ በመርፌ ቀጭን ኖራና ሙጫ ወግተው ልስኑን ከርብራቡ ጋር አጣብቀውታል፤ ቢያንኳኩት እንደ ድንጋይ ድፍን ነው የሚለው። እሱ ራሱ በመጀመሪያው ምርመራ ጭረት ያደረገበት ጥግ ነበር። ለምን እንደወጉት ሲጠይቅ «ለጥንቃቄ ነው አባዬ» ብለውት ነገሩን ልብ አላለውም። 

በማግስቱ ልጁን ለብቻዋ ጠራት።

«ልጄ፣ የሐዲዱን ጥግ ከላይ ከፍታችሁ እዩት። ምስማሩ ለቋል።»

«ከላይ?»

«ከላይ።»

ከላይ ያለው የጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ነው። ወለሉ በሲሚንቶ ንጣፍ የታሸገ ነው። መክፈት ማለት ቢሮውን አስለቅቆ ወለሉን መስበር ማለት ነው፤ ቢያንስ የአንድ ወር ሥራ። ምርቃቱ ደግሞ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቀን ተቆርጧል፣ እንግዳ ተጠርቷል።

«አባዬ፣ ትናንት እኮ አንኳኳሁት። ድፍን ነው።»

«ድፍን መሆኑን አውቃለሁ።»

«ታዲያ በምን አወቅክ?»

 «በመዳፌ» ቢል «ጆሮህስ?» ይመጣል። ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ አንዱ ክር ከተሳበ ሹራቡ ሁሉ ይተረተራል። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ» ብሎ ብቻ አለፈ። እሷም «እሺ፣ እናየዋለን» አለች። «እናየዋለን» የተባለ ነገር ታይቶ እንደማያውቅ እሱም እሷም ያውቃሉ።

አራት ቀን ተገላበጠ። ቢናገር የሚጠፋው ምን እንደሆነ አስልቶታል። የፍርድ ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የሆስፒታሉ፣ በአራት ዓመት ውስጥ የፈረመበት የኮርኒስ ምርመራ ወረቀት ሁሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል፤ በሕይወቱ ያፈራው አንድ ነገር ስሙ ነበር፣ እሱም ይሄዳል። ባይናገር ደግሞ በዚያ ጥግ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። ለሐዲዱ መስኮት ቅርብ ስለሆነ ልጅ የያዙ እናቶች የሚመርጡት ቦታ ነው። በአምስተኛው ቀን፣ ሁሉም ከመወጣጫው ወርደው ሻይ ሲጠጡ፣ ተነሥቶ መሃላቸው ቆመ።

«ስሙኝ» አለ። «እኔ አልሰማም። አራት ዓመቴ ነው። ሳንኳኳ የኖርኩት በውሸት ነው። ይሄን የምነግራችሁ ስለዚያ ጥግ እንድታምኑኝ ብዬ ነው። በመዳፌ አግኝቼዋለሁ፤ ለቋል።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን አይመለስም። ጩኸቱን ጠበቀ፤ «ጉድ!» የሚለውን፣ «እንዴት ታደርገናለህ?» የሚለውን። ማንም ቀና አላለም። አንዱ ለሳኝ ስኳሩን ማማሰሉን ቀጠለ። ሌላው የጫማውን ክር ያይ ጀመር። የተደነቀ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም የተደነቀ ሰው አልነበረም።

ልጁ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ከንፈሯን ቀስ አድርጋ፣ ቃሉን እየለየች ተናገረች። ለእሱ እንደዚህ ቀስ እያለች ማውራት የጀመረችው ዛሬ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባው።

«እናውቃለን አባዬ።»

«ምኑን?»

«እንደማትሰማ። ሁላችንም እናውቃለን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፍርድ ቤቱ ሥራ ጀምሮ።»

የፍርድ ቤቱ ሥራ የመጀመሪያው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው፤ አሥራ አምስት ሰው የሚያውቀውን ምስጢር አራት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲጠብቅ ኖሯል።

«ታዲያ ምልክቶቼስ?»

መልሱን የሰጠው ፎርማኑ ነው፤ እሱ ራሱ ኮትኩቶ ያሳደገው ለሳኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሲወርዱ ደግመን እናንኳኳለን። የእርስዎን ጠመኔ በእርጥብ ስፖንጅ እናጠፋና የራሳችንን እናደርጋለን» አለ፤ ፊቱን ሲያይ ደግሞ ቶሎ ብሎ «በክፋት አይደለም እኮ ጋሼ፣ ክብርዎ እንዳይነካ ብለን ነው» ሲል ጨመረ።

ክብር! አራት ዓመት ሙሉ በዚያ በሚንቋቋ ጉልበቱ መወጣጫ ሲወጣ፣ ዐይኑን ጨፍኖ አንገቱን ሲያዘነብል፣ እነሱ ከታች ስፖንጅ አርጥበው ሲጠብቁት ኖረዋል። «ጨረሰ መሰለኝ» ይባባሉም ነበር ይሆናል። «ዛሬስ ረዘመበት» ይሉም ነበር ይሆናል።  ቢሰድቡት መልስ ነበረው፣ ቢያባርሩትም መልስ ነበረው። ለደግነታቸው ግን መልስ አጣ።

«ለጣቢያው የገባው ወረቀትስ?» አለ።

«ያንተ ፊርማ ያለበት ነው የገባው» አለች ልጁ። «ያንተን ፊርማ ካላዩ አይቀበሉማ። ሥራውን ግን በራሳችን ደብተር ነው የሠራነው። ያንን ጥግ አንተ ጤነኛ ነው ብለህ ጽፈህ ነበር፣ እኛ ስናንኳኳው ግን ለቆ ነበር፤ ስለዚህ ወጋነው። አሁን ይዟል።»

«ይሁን። ሁሉንም ትቼዋለሁ። ጥጉን ክፈቱት።»

«ጋሼ» አለ ፎርማኑ፣ «አሁን እኮ አልሰማም አሉን።»

አሥር ጊዜ አስረዳቸው፤ ባቡሩን፣ ወራጁን፣ መዳፉን። ሲያስረዳ ድምፁ ከፍ እያለ እንደሚሄድ ከፊታቸው ያይ ነበር፤ ዝቅ የሚያደርግበት መለኪያ ግን የለውም። በመጨረሻ ልጁ ተከትላው ወጣች። ጎን ለጎን ቆመው መዳፋቸውን ዘለላው ሥር ለጠፉ። ባቡር መጣ፣ አለፈ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ይኸው! ይኸው፣ አየሽ?»

«ሁሉም ይንቀጠቀጣል አባዬ። ሕንፃው ሁሉ።»

«ከቆመ በኋላ ነው የምልሽ! ከቆመ በኋላ!»

«እኔ ምንም አልተሰማኝም።»

አልዋሸችም፤ አልታወቃትም። ጆሮ ላለው ሰው መዳፍ ሰነፍ ነው፤ የእሱ መዳፍ የሠለጠነው ሌላ ምርጫ አጥቶ ነው። ዐይኗን ሲያይ ግን እዚያ ውስጥ ያለው ጥርጣሬ እንኳ አልነበረም። አዘኔታ ነበር። ሙያው አልቆበት ነገር የሚፈጥር ሽማግሌ ነው የምታየው። በሕይወቱ እጁን አንሥቶባት የማያውቃትን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥፊ ሊላት ቃጣው። መሰላሉን ይዞ ወረደ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሥራው አልተመለሰም።

ለጣቢያው ኃላፊ ሄዶ መናገር ይችል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ኮቱን እየለበሰ እስከ በሩ ደርሶ ተመልሷል። ለኃላፊው መናገር ማለት «ልጄ የማይሰማ ሰው ፊርማ አስገብታላችኋለች» ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ልጁን ከነሠራተኞቿ ገደል መክተት ነው። አልሄደም። ይህን ጥፋቱን በማንም ላይ አላላከከም፤ የራሱ ነው።

አዳራሹ በቀኑ ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ልጁ በጋዜጣ ወጣች። እሱ በማግስቱ ሄዶ እንደ መንገደኛ ከአግዳሚዎቹ ባንዱ ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛውም ቀን ሄደ። በሳምንቱ አዳራሹን የምታጸዳው ሴት መወልወያዋን ተደግፋ ፊቱ ቆመች።

«አባባ፣ የእርስዎ ባቡር ነው የማይመጣው ወይስ እርስዎ ነዎት የማይሄዱት?»

ነገሩን ነገራት። ምንም ሳያስቀር፣ ስለ ጆሮው ሳይቀር። ሴትዮዋ አንዴ ወደ ኮርኒሱ፣ አንዴ ወደ እሱ አየች።

«ባለሙያ ነዎት?»

«ነበርኩ።»

ሌላ አልጠየቀችም። በዚያው ሰዓት ከጥጉ ሥር ያለውን አግዳሚ እያንገጫገጨች ወደ መሃል ጎተተችው፤ በቦታው ባልዲዋንና «ወለሉ እርጥብ ነው» የሚለውን ቢጫ ሰሌዳዋን አቆመች። አለቃዋ «ይህ ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ነው እንዴ?» ሲላት «ምን ላድርግ ጌታዬ፣ አይደርቅማ» ትለዋለች። ልጁና የተማሩት ሠራተኞቿ ያላመኑትን አንዲት መወልወያ የያዘች ሴት በአንድ ጥያቄ አመነችው። ይህ ደስ ሊለው ሲገባ አንገበገበው።

በሁለተኛው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባቡሩ አልፎ አዳራሹ ጸጥ ካለ በኋላ ጥጉ ከነዘለላው፣ ከነርብራቡ፣ ከነዛገው ምስማሩ ወረደ። ባልዲው እንደ ሳህን ተጨፈለቀ። ቢጫው ሰሌዳ ለሁለት ተሰበረ። ሰው አልተነካም። እሱ ሲደርስ አቧራው ገና አልሰከነም ነበር፤ ሴትዮዋ መወልወያዋን ይዛ ከሩቁ ግድግዳ ተለጥፋ ትታየዋለች። ለአንድ አፍታ ደስ አለው። ልክ ነበርኩ፣ አለ በሆዱ። ቀጥሎ ልጁ ስትሮጥ በበሩ ገባች፤ ፊቷን ሲያይ ያ ደስታ አፉ ውስጥ መረረው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የመጣው ደብዳቤ ቸልተኝነት ከተገኘ የድርጅቱ ፈቃድ እንደሚነጠቅ ይናገራል። ምርመራው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ልጁ ጠዋት ቤቱ መጣች። ሳህኖቹን አጠበች፣ መጋረጃውን አውርዳ አጠበች፣ የማይቆሽሸውን ሁሉ አጠበች። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ከንፈሯን ይጠብቅ ነበር። የሚፈልገው አንዲት ቃል ነበረች፤ «ልክ ነበርክ አባዬ» የምትል። ፈቃድም፣ ኮሚቴም፣ ጋዜጣም አላሰኘውም። እንዲያ ብትለው ሌላውን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወው ነበር። እጇን አድርቃ ቦርሳዋን አነሣች።

«ነገ ሲጠይቁህ የምታውቀውን ተናገር» አለችውና ሄደች።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሊቀመንበሩ ጺሙን የተላጨ፣ ከንፈሩ የሚነበብ ሰው ነበር። ከጎኑ አንድ ጸሐፊ ተቀምጧል። መጀመሪያ የተናገረችው ልጁ ናት። ከጎን ሆኖ ስለሚያያት ሙሉውን አልያዘም፤ የያዘው ግን በቂ ነበር። «በአባቴ ጆሮ ተማምነን...» ስትል አየ። «መስማት የደከመው ከዚህ ሥራ በኋላ ነው» ስትል አየ። ፎርማኑ ከኋላ ተቀምጦ ራሱን በአዎንታ ሲነቀንቅም አየ። ስፖንጁም፣ ደብተሩም፣ መዳፉም የሉም። ተረድቷታል። የማይሰማ ሰው መሆኑን እያወቀች ፊርማውን አስገብታ ከሆነ ያለቀላት እሷ ናት፤ የሚሰማ ሰው ተሳስቶ ከሆነ ግን ስሕተት ነው፣ ስሕተት የሠራውም ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። አያደርገውም። ለሰው ስትል አራት ዓመት የዋሸች ልጅ ለራሷ ስትል አንድ ቀን ለመዋሸት ምን ያቅታታል?

ወረቀቱን ፊቱ አደረጉለት። በሐዲዱ ጥግ ትይዩ የእሱ ጭረት፣ ከግርጌ የእሱ ፊርማ። «የእርስዎ ነው?» ተባለ። «የኔ ነው» አለ፤ እስከዚህ እውነት ነበር።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ረዘም ያለ ነገር ጠየቀ። ከንፈሩን እያየ አብዛኛውን ያዘው። ጽዳት የምትሠራው ሴት ቃሏን ሰጥታለች፤ ሽማግሌው እንዳስጠነቀቋት፣ እሷም ሰው እንዳይቀመጥ እንዳደረገች ተናግራለች። እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነ፣ ለድርጅቱስ ቀደም ብለው ተናግረው ነበር ወይ?

ልጁ ልትደግምለት ተነሣች። ለኮሚቴው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ፊቱ ተንበርክካ፣ ጥያቄውን ቃል በቃል ደገመችለት። አላጎደለችም፣ አልጨመረችም። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀ። ከንፈሯ ግን አልቆመም። ጉሮሮዋ ሳይንቀሳቀስ፣ ትንፋሽም ሳይወጣት፣ ከእሱ በቀር በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ሊያነበው በማይችለው መንገድ፣ «አባዬ፣ እባክህ» አለችው።

 ፊቷ ላይ የእናቷን ፊት ፈለገ፣ አጣው። የሚያውቃት የሰባት ዓመቷ ልጅም አልነበረችም። የደከማት፣ የፈራች፣ እንደሚያድናት እርግጠኛ የሆነች ሴት ናት። እርግጠኛ መሆኗ ነው ያሳመመው።

«ሴትዮዋ እውነቷን ነው» አለ። ድምፁን መመጠን ስለማይችል ጮኾ ነበር የተናገረው፤ ሦስቱም ቀና አሉ። «ነግሬያታለሁ። ለድርጅቱ ግን አልተናገርኩም።»

ሊቀመንበሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱ ተለወጠ፤ እስካሁን አንድ የተሳሳተ ሽማግሌ ነበር የሚያየው፣ አሁን ግን አደጋውን እያወቀ ዝም ያለ ሰው ነው ፊቱ ያለው። አንድ አጭር ቃል ተናገረ። ልጁ ልትደግምለት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣላትም። አያስፈልገውም ነበር። «ለምን?» ነው ያለው።

«ማን ያምነኛል ብዬ» አለ።

ጸሐፊው እንደተባለው ጻፈ።